ቡችላ ስትገዙ እንዳትታለሉ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ቤታችሁ

የውሻ ንግድ ላይ ያለው ማጭበርበር መልኩ ብዙ ነው። አንዱ የሌለ ቡችላ ይሸጣል። ሌላው የአንድ ወሩን ቡችላ ሁለት ወር ሞልቶታል ይላል። አንዱ ክልሱን ንጹሕ ጀርመን ሸፐርድ ብሎ ያቀርባል። የሰው ውሻ ሰርቆ የሚያመጣም አለ። ሥራቸው ግን አንድ ነው፦ ገንዘባችሁ እስኪያልፍ ድረስ ውሻውን በደንብ እንዳታዩት ማድረግ። እናቱን እንዳታዩ፣ ያደገበትን ቤት እንዳታዩ፣ ከተበው የተባለውን ሐኪም እንዳታገኙ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያመራው ወደ አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መክፈል።

የምጽፈው በዋናነት አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ ለሚፈልግ ሰው ነው። አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ለብቻው ክፍል አለ፤ እዚያ የሚያታልሉበት መንገድ ይለያል። ነገሩን በቁም ነገር የምወስደው የሚጠፋው ብር ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጆች ስም አውጥተውለት፣ አቅፈውት ያደሩት ቡችላ በሳምንቱ ሲሞት ማየት በጣም ከባድ ነው። እኛ አገር ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ሐሰተኛ የክትባት ካርድ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

አንደኛ፦ ማስታወቂያውን ቤታችሁ ሆናችሁ መርምሩ

አሁን አብዛኛው ሽያጭ የሚጀምረው ቴሌግራም፣ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ነው። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና በጉግል ሌንስ ፈልጉት። ያው ፎቶ የውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ ከወጣ፣ ቡችላው እዚህ የለም ማለት ነው። ፎቶው በፍለጋ ባይገኝም ዳራውን እዩ። የግድግዳው ሶኬት፣ የወለሉ ንጣፍ፣ ከጀርባ የሚታየው መኪና የእኛን አገር ይመስላል? አንድ ሻጭ የለጠፋቸው አምስት ቡችሎች አምስት የተለያየ ቤት ውስጥ ከተነሱ፣ ያ ሰው አርቢ አይደለም። ደላላ ነው፣ ወይም ፎቶ ለቃሚ።

የቴሌግራም ቻናል ከሆነ እስከ መጀመሪያው ልጥፍ ድረስ ወደ ላይ ሂዱ። ለዓመታት የሠራ ሻጭ ያደጉ ውሾች፣ የገዢዎች መልእክት፣ የእናትየዋ ፎቶ ይኖረዋል። ባለፈው ወር ተከፍቶ ብዙ ሺህ አባል ያለው፣ አስተያየት መስጫው የተዘጋ ቻናል ግን ጥርጣሬ ይገባዋል። የአባል ቁጥር በገንዘብ ይገዛል።

ዋጋውንም አወዳድሩ። ሁለት ሦስት ሻጭ ጠይቁ፣ አንድ ክሊኒክም ደውሉ፤ ሐኪሞች የገበያውን ዋጋ ያውቃሉ። ከሁሉም በግማሽ የረከሰ ቡችላ የሆነ ነገር ጎድሎታል፦ ወይ ጤናው፣ ወይ ዝርያው፣ ወይ ባለቤቱ፣ ወይ ራሱ ቡችላው።

ሁለተኛ፦ ደውሉና አስወሩት

በጽሑፍ ብቻ የሚያወራ፣ ስልክ ሲደወልለት የማያነሳ ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ተዉት። ካነሳ ደግሞ ቶሎ ወደ ዋጋ አትግቡ። መቼ ተወለዱ? ስንት ነበሩ? ስንቶቹ ቀሩ? እናትየው ስሟ ማን ነው? አባትየው የማን ነው፣ የት ነው ያስጠቃሃት? ምን እየበሉ ነው? የትኛው ክሊኒክ ከተባቸው? እነዚህ ለእውነተኛ አርቢ የሚጣፍጡ ጥያቄዎች ናቸው። ቡችሎቹን ሲወለዱ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው ገና ሳትጨርሱ ይመልሳል፣ እንዲያውም አላቆም ይላችኋል። የማያውቅ ሰው ግን «ሁሉም ነገር ፐርፌክት ነው፣ ና እይ» እያለ ይዘልላል። በማግስቱ ሌላ ሰው አስደውሉና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅላችሁ። የልደት ቀኑ ከተቀየረ ጨርሳችኋል።

ጥሩ ሻጭ እናንተንም ይጠይቃል። ግቢ አላችሁ? ቀን ቀን ማን ቤት ይውላል? ከዚህ በፊት ውሻ አሳድጋችኋል? ቡችላው የት እንደሚሄድ የማይገደው ሰው ከየት እንዳመጣውም አይነግራችሁም።

ከዚያ በቪዲዮ ደውሉ። የተቀረጸ ቪዲዮ አይበቃም፤ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በቀጥታ እያያችሁ «ነጭ ጣት ያለችውን አንሣትና ከእናቷ አጠገብ አስቀምጣት» በሉት። ይህን ለማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። «ኔትወርክ የለም፣ ካሜራዬ ተበላሽቷል» ከተባላችሁ ነገ ድገሙት። ነገም ከተበላሸ የተበላሸው ካሜራው አይደለም።

ሦስተኛ፦ ቀብድ አትላኩ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በብዛት የሚበላው እዚህ ላይ ነው። «ሁለት ቡችላ ነው የቀረው፣ ሌላ ሰው አሁን እየመጣ ነው፣ ትንሽ ቀብድ ላክና ልያዝልህ» ይባላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ የሰከንዶች ጉዳይ ሆኗል። ለሁላችንም ተመችቶናል፤ ለእነሱም። ቀብዱ ከተላከ በኋላ ስልኩ ይዘጋል፣ ወይም «የትራንስፖርት ጨምር» ይመጣል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ቡችላውን በአካል ሳታዩ አንድ ብር አትላኩ። ቡችላው ለሌላ ሰው ከተሸጠ ይሸጥ፤ ሌላ ይወለዳል። ካያችሁ በኋላ ጡት እስኪጥል ለማስያዝ ቀብድ መክፈል ተገቢ ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን ስሙን አረጋግጡ። የባንክ ወይም የቴሌብር መተግበሪያው ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። ያ ስም ከሻጩ የፋይዳ መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። «የወንድሜ ሂሳብ ነው» ከተባላችሁ ወንድሙ ይምጣ።

«በነፃ እሰጣለሁ» የሚለውንም አትመኑት። ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ነው፣ ለጥሩ ሰው መስጠት ይፈልጋል፣ እናንተ የምትከፍሉት የማጓጓዣውን ብቻ ነው ይባላል። እውነት በነፃ የሚሰጥ ሰው መጥታችሁ ስትወስዱ ደስ ይለዋል።

አራተኛ፦ ቤቱ ድረስ ሂዱ፣ እናትየዋን እዩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ቡችላው ያደገበት ቤት ሂዱ። «መንገድ ላይ እንገናኝ፣ ካፌ በር ላይ አመጣልሃለሁ» የሚለውን አትቀበሉ። መኪና መንገድ ዳር በእቅፍ ይዘው የሚሸጡ ልጆችም ውሻው ከየት እንደመጣ አይነግሯችሁም፤ ብዙ ጊዜ እነሱም አያውቁም። እነዚያ ቡችሎች ከተለያየ ቤት ተሰብስበው፣ ፀሐይና ጭስ ላይ ውለው፣ አንዱ የሌላውን በሽታ ተቀብለው ነው የሚሸጡት። አሳዝኗችሁ መግዛት ትፈልጉ ይሆናል፤ ይገባኛል። ነገር ግን አንዱን ስትገዙ የሚቀጥለውን እያዘዛችሁ ነው።

እናትየዋን ስታዩ ጡቷን እዩ። የምታጠባ ውሻ ጡቷ ያበጠና የተጎተተ ነው፣ ትከሳለች፣ ፀጉሯም ይሳሳል። ጡቷ ጥብቅ ያለ፣ የተቀባባች ቆንጆ ውሻ አምጥተው «እናትየው እሷ ናት» ካሏችሁ ጠርጥሩ። ቡችሎቹ ሲያዩዋት ወዲያው ወደ ሆዷ ይሮጣሉ? እሷስ ትልሳቸዋለች ወይስ ታጉረመርምባቸዋለች? ጡት እየጣሉ ያሉ ትልልቅ ቡችሎችን እናት ልትገፋቸው ትችላለች፤ ጨርሶ እንደማታውቃቸው የምትሸሽ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«እናቷ ሞታለች»፣ «እናቷ ክፍለ ሀገር ናት»፣ «ሰው ስለምትነክስ አስረናታል» የሚሉ ምክንያቶች በብዛት ይሰማሉ። የምትነክስ ከሆነች በአጥር ቀዳዳም ትታያለች። ሞታም ከሆነ ፎቶዋና ከቡችሎቹ ጋር የተነሳችው ቪዲዮ ስልኩ ላይ ይኖራል። እናትየው የተናካሽነት ጠባይ ካላት ደግሞ ያንን ማወቃችሁ ራሱ ጥቅም ነው፤ ጠባይ ከእናት ይወረሳል። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ በነጋዴ በኩል እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ገዢው ቡችላውን ከእናቱ ጋር፣ በተወለደበት ቦታ እንዲያይ ሕጉ ያስገድዳል። እኛ ያንን ሕግ መጠበቅ የለብንም፤ ራሳችን ልንጠይቀው እንችላለን።

ቤቱን ስታዩ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። የሽንት ሽታ ይኖራል፤ ቡችላ ናቸው። የበሰበሰ ደም የሚመስል የተቅማጥ ሽታ ካለ ግን ምንም ነገር ሳትነኩ ውጡ። ፓርቮ የሚባለው፣ በቫይረስ የሚመጣ ገዳይ የቡችላ በሽታ ያ ሽታ አለው፣ በጫማችሁም ተከትሏችሁ ይመጣል። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ዓይነት ዝርያ ተሰብስቦ አንድም እናት ከሌለ፣ ያ የመሸጫ ጣቢያ እንጂ ማርቢያ አይደለም።

አምስተኛ፦ ዕድሜና ዝርያ ላይ አትሸወዱ

ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ከተለየ ብዙ ይጎዳል፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ የሚማረውም ይቀርበታል፣ ሲጫወት አነካከሱን መመጠን አያውቅም። ሻጭ ግን ወተትና ምግብ እንዳይወጣበት በአንድ ወሩ መሸጥ ይፈልጋል። ስለዚህ አፉን ከፍታችሁ እዩ። የወተት ጥርስ መውጣት የሚጀምረው ወደ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ስምንት ሳምንት ሲሞላው 28ቱም ወጥተው መርፌ ይመስላሉ። ጥርሱ ገና ብቅ ብቅ የሚል፣ ሲሄድ የሚንገዳገድ፣ ደረቅ ምግብ ሲቀርብለት የማይነካ ቡችላ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ምንም ቢምሉላችሁ።

በተቃራኒው ደግሞ ያደገ ውሻን ትንሽ ነው የሚሉ አሉ። የፊት የወተት ጥርሶች መነቀል የሚጀምሩት ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ ነው። ትልልቅ የፊት ጥርስ ያወጣ «የሁለት ወር ቡችላ» የለም።

«ትንሽ ዝርያ ነው፣ ከዚህ በላይ አያድግም» የሚለው ሽያጭ ከሁሉም ያሳዝነኛል። የአራት ሳምንት ተራ ቡችላ ታጥቦ፣ ሪባን ታስሮለት ቺዋዋ ወይም ማልቲዝ ተብሎ ይሸጣል። በስድስት ወሩ ጉልበት ሲያልፍ ባለቤቱ ተናዶ መንገድ ላይ ይጥለዋል። የሚጎዳው ውሻው ነው። እዚህም መድኃኒቱ ያው ነው፤ እናትየዋን ካያችሁ ቡችላው ምን ያህል እንደሚያድግ ታውቃላችሁ።

ጀርመን ሸፐርድ ላይ ጆሮውን ብቻ አትመልከቱ። በሁለት ወሩ ጆሮው የተኛ መሆኑ ጤናማ ነው፤ አብዛኛው የሚቆመው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። የፀጉር ቀለም የተቀቡ ቡችሎችም ስላሉ ነጭ ጥጥ አርጥባችሁ ጀርባውንና ጆሮው ግርጌ ፈተግ ፈተግ አድርጉት። ጥጡ ከጠቆረ ሂሳቡ ተዘጋ። ቆሻሻ ከሆነ ቡናማ ይሆናል፣ በሁለተኛው ጥጥ ይጠራል። ቀለም ከሆነ ግን ጥጡ ደጋግሞ ይጠቁራል።

«ፔዲግሪ (የዘር ሐረግ ወረቀት) አለው» ከተባላችሁ ወረቀቱ ላይ የቺፕ ቁጥር ፈልጉ፤ ቺፕ ከውሻው ቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ መለያ ነው። ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ቺፕ 15 አሃዝ አለው። ክሊኒክ ወስዳችሁ በማንበቢያው ስታስነብቡት ያው ቁጥር መውጣት አለበት። ቁጥሩ ካልተዛመደ ወረቀቱ የሌላ ውሻ ነው። ቢዛመድም ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ዘሩ ነው፤ ስለ ጤናው ምንም አይናገርም።

«ያረገዘች ውሻ» ገዝተው የተጭበረበሩም አሉ። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። ከተጠቃች ከአንድ ወር በኋላ አልትራሳውንድ ያሳያል። ሳያሳዩ የእርግዝና ዋጋ የሚጠይቁ ከሆነ የውሻዋን ዋጋ ብቻ ክፈሉ ወይም ተዉት።

ስድስተኛ፦ እጃችሁን አስገብታችሁ መርምሩ

ሳትደውሉ ወይም ከተባባላችሁት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ቡችሎቹ ታጥበው ሳይዘጋጁ ታገኟቸዋላችሁ። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን እዩ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። የገረጣ፣ ነጭ ወደ መሆን ያለ ድድ የደም ማነስ ምልክት ነው። ከትል፣ ከቁንጫ ወይም ከመዥገር ሊመጣ ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጎኑ ላይ አጥንቱ ከታየ ትል ይዞታል። ዓይኑ ያዣል? አፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ ያወጣል? ያስለዋል? ከጅራቱ ስር ተቅማጥ ደርቆበታል? ፀጉሩ በቦታ በቦታ ረግፎ ቆዳው ከቀላ እከክ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ እከክ ወደ ሰውም ይተላለፋል። እምብርቱ ላይ ለስላሳ እብጠት ካለ ሐኪም ይየው።

ከዚያ መሬት ላይ ልቀቁት። ይሩጥ፣ ይጫወት፣ ይብላ። ምግብ አስቀርባችሁ እያያችሁ ሲበላ ጠብቁ። «አሁን ነው የበላው፣ ተኝቶ ነው» ከተባላችሁ በሌላ ሰዓት ተመለሱ። ደጋግማችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ተኝቶ የሚጠብቃችሁ ቡችላ የታመመ ነው።

ሰባተኛ፦ የክትባት ካርዱን አንብቡት፣ ሐኪሙ ጋ ደውሉ

ካርድ ማተም ቀላል ነው። ማኅተም ማስቀረጽም ቀላል ነው። ውሸቱ የሚጋለጠው ግን ብዙ ጊዜ በቀኖቹ ነው። የቡችላ ክትባት የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይቀጥላል። ስለዚህ «ሁለት ወሩ ነው፣ ክትባቱን ጨርሷል» ማለት አይቻልም። የእብድ ውሻ ክትባት በተለምዶ የሚሰጠው በሦስት ወር ነው። የ45 ቀን ቡችላ ካርድ ላይ የእብድ ውሻ ክትባት ከተጻፈ፣ ወይ ዕድሜው ውሸት ነው፣ ወይ ክትባቱ።

ከክትባት ጠርሙሷ ላይ የሚላጠው ትንሽ ምልክት ካርዱ ላይ ተለጥፎ መታየት አለበት። ምልክቱ የክትባቱን ስም፣ የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ይይዛል። በእጅ «ተከትቧል» ብቻ የሚል ካርድ ብዙ አይታመንም። ሦስት የተለያየ ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ የተጻፈ መስሎ ከታያችሁም ትክክል ታይቷችኋል። «እኔው ራሴ ገዝቼ ወጋኋቸው» የሚል ሻጭም አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚጠፋበት ቤት፣ ወይም በኪስ ተይዞ ታክሲ ውስጥ የሰነበተ ክትባት ውሃ ማለት ነው።

ካርዱ ላይ ያለውን ክሊኒክ ስልክ ከካርዱ ላይ ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉ። «በዚህ ቀን እነዚህን ቡችሎች ከትባችኋል?» በሉ። የምታገኙት መልስ ቁርጥ ያለ ነው። ከተቻለ ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ የመረጣችሁት ሐኪም ይየው። ሻጩ አብሯችሁ ይምጣ፣ የምርመራውን እናንተ ክፈሉ። በቡችላው ጤና የሚተማመን ሰው እሺ ይላል። ቢሾፍቱና አካባቢው ያላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው መሆኑን አትርሱ።

የእብድ ውሻ በሽታን ነገር ደግሜ ልበለው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውም ውሻም አይተርፍም ማለት ይቻላል። ካርዱ የማይታመን ቡችላ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። አዲስ አበቤው «ፓስተር» ብሎ የሚያውቀው ጉለሌ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ ሕክምና ብዙ ትውልድ የሄደበት ቦታ ነው። «ትንሽ ቡችላ ናት፣ ምን ታደርጋለች» አትበሉ።

ስምንተኛ፦ ያደገ ውሻ ከሆነ የማን እንደሆነ ጠይቁ

የሠለጠነ፣ ያማረ፣ ዝርያው የታወቀ ትልቅ ውሻ በችኮላና በርካሽ ሲሸጥ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ሻጩ በስሙ ሲጠራው ውሻው ዞር ይላል? የትኛው ክሊኒክ ይታከም ነበር? የቡችላነት ፎቶው አለ? ሁለትና ሦስት ዓመት ያሳደገ ሰው ስልኩ በፎቶው የተሞላ ነው። ቺፕ ካለው ክሊኒክ ወስዳችሁ አስነብቡት። የተሰረቀ ውሻ ገዝታችሁ ባለቤቱ ቢያገኘው ውሻውንም ብራችሁንም ታጣላችሁ፣ ፖሊስ ጣቢያም ትመላለሳላችሁ።

ውሻ የጠፋባችሁም ተጠንቀቁ። ማስታወቂያ እንደለጠፋችሁ «አግኝቼዋለሁ፣ የታክሲ ላክልኝ» የሚል ይደውላል። ማስታወቂያው ላይ አንድ መለያ ምልክት ሳትጽፉ አስቀሩ፤ ለምሳሌ የሆዱን ነጭ ነጥብ። ደዋዩ ያንን ካላወቀ ውሻው እሱ ጋ የለም።

ዘጠነኛ፦ ክፍያና ውል

ገንዘቡ የሚከፈለው ቡችላው እጃችሁ ላይ ሲሆን፣ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ ማስረጃ በሚተው መንገድ ነው። አንድ ገጽ ውል ጻፉ። የሁለታችሁ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የቡችላው ልደት ቀን፣ ፆታ፣ ቀለም፣ የተሰጡት ክትባቶች፣ ዋጋው ይግባበት። አንድ ነጥብ ግን በፍጹም አይቅር፦ በመጀመሪያው ሳምንት በፓርቮ ቢታመም ሻጩ ምን ያደርጋል? ፓርቮ አብዛኛውን ጊዜ ከገባ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ነው ምልክት የሚያሳየው። በወሰዳችሁት በሁለተኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከጀመረው የያዘው ሻጩ ጋ ነው። ይህንን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ካላስቀመጣችሁ በኋላ ክርክር ብቻ ይቀራችኋል።

ለሻጮችም አንድ ቃል። ብዙ ቅን አርቢዎች በሐሰተኛ የክፍያ ፎቶ ቡችላ አጥተዋል። ገዢው የሚያሳያችሁን ስክሪን አትመኑ፣ የሚመጣውንም መልእክት አትመኑ። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ቀሪውን እዩ።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ

እዚያ ያለው ዋናው ማጭበርበር የሌለ ቡችላ መሸጥ ነው። ያማረ ድረ ገጽ፣ ሐሰተኛ የደንበኛ ምስጋና፣ በጣም የረከሰ ዋጋ። ክፍያው በዜል፣ በካሽ አፕ ወይም በጊፍት ካርድ ነው፤ እነዚህ ከሄዱ መመለሳቸው ከባድ ስለሆነ ነው የሚመርጧቸው። ከዚያ የጭነት ድርጅት ነኝ የሚል ይጽፋል። ሙቀቱ የተስተካከለ ሳጥን ያስፈልጋል፣ የሚመለስ ገንዘብ ነው ይላል። ቀጥሎ ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ ክትባት። መክፈል ስታቆሙ «እንስሳ ጥላችኋል፣ ትከሰሳላችሁ» ብሎ ያስፈራራል። ማንም አይከሳችሁም፤ ውሻ የለም።

በአየር ጭነት እየመጣ ነው ከተባላችሁ የጭነት ቁጥሩን ጠይቁ። እውነተኛው 11 አሃዝ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። ቁጥሩን እነሱ በላኩት ሊንክ ሳይሆን አየር መንገዱ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት።

ሌላ ጠንካራ መለያ አለ። ከነሐሴ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ቺፕ ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ ከውጭ አገር «የስምንት ሳምንት ቡችላ እልክልሃለሁ» የሚል ሁሉ ይዋሻል። ኢትዮጵያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋታቸው ከፍተኛ ነው ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከአገር ቤት ውሻችሁን ማምጣት ካሰባችሁ ተጨማሪ ወረቀት አለው። ወደ አውሮፓ ኅብረት ከሆነ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ይመረመራል፤ ውጤቱ ካለፈ ደም ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። «በሁለት ሳምንት ጀርመን አስገባዋለሁ» የሚላችሁ ጉዳይ አስፈጻሚ ወይ ገንዘባችሁን ይበላል፣ ወይ ውሻችሁን ድንበር ላይ ያስይዛል።

የዱር እንስሳ ከሆነ ጨርሶ አትግዙ

የጦጣ ግልገል፣ የአቦሸማኔ ግልገል የሚሸጥ ሰው በሕግ የተከለከለ ነገር እየሸጠ ነው። የአቦሸማኔ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል። ሆኖም ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ ተሰርቀው በባሕር ወደ ባሕረ ሰላጤው ይጋዛሉ፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ያልቃሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አደገኛ የዱር እንስሳን በግል ማሳደግ ከልክላለች። እዚያ የምትሠሩ ወገኖቻችን አሠሪ ወይም ነጋዴ «ከአገርህ አስመጣልኝ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ የሚታሰረው የያዘው ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ የበቀቀን እንቁላልም ሌላ ወጥመድ ነው፤ የሚፈለፈል ነገር አይመጣም።

ከተጭበረበራችሁ

ገንዘብ ከላካችሁ በዚያው ሰዓት ባንካችሁ ወይም ቴሌብር ጋ ደውሉ። ጊዜ ካለፈ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቻቱን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ የቻናሉን ስም፣ የክፍያ ማስረጃውን ስክሪንሾት አንሡ፤ እነሱ ሲነቁ ያጠፉታል። ከዚያ ፖሊስ ጋ አመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበርን ይቀጣል። አሜሪካ ከሆናችሁ ለኤፍ.ቲ.ሲ. (ለመንግሥት የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት) እና ለኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል ማመልከት ይቻላል። «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ደግሞ እሱም ከእነሱ ወገን ነው።

የገዛችሁት ቡችላ ከታመመ ግን ከሻጩ ጋር መጨቃጨቁን ለነገ አቆዩት። ማስታወክ፣ ተቅማጥ ወይም ምግብ እምቢ ማለት ከጀመረ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ይየው፤ ፓርቮ ላይ ፈሳሽ በደም ሥር ቶሎ ማግኘቱ ነው የሚያተርፈው። ከሞተም ሌላ ቡችላ ወዲያው አታምጡ። ቫይረሱ ግቢ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ወለሉንና ሳህኑን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበትና ለ10 ደቂቃ ተዉት። የተኛበትን ጨርቅ አቃጥሉት። አፈርና ሣር ግን በበረኪና አይጸዳም፤ ስለዚህ ቀጥሎ የምታመጡት ውሻ 16 ሳምንት ሞልቶት ክትባቱን የጨረሰ ይሁን።